የግል ጦማር እና የሚያረካ የቴክኖሎጂ ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጦማር እየጻፉ በቴክኖሎጂ ዘርፍ የሚወዱትን ሥራ የሚፈልጉ ወይም የያዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረው እንዲህ ተደርድረዋል።

ሥራ እየፈለግሁ ነው። ጦማር መጻፍ ሥራ ያስገኛል ወይስ ጊዜዬን ይበላል?

ጦማር ብቻውን ሥራ አያስገኝም። ማመልከቻዎችን መጀመሪያ የሚያጣራው ሰው ለአንድ ሲቪ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ሊንክ ከፍቶ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብበት ፋታ የለውም። ጦማሩ ዋጋ የሚያገኘው ስምዎ ለቃለ መጠይቅ ከተመረጡት መካከል ከገባ በኋላ ነው። ጠያቂው መሐንዲስ ከቀጠሮው ጥቂት ደቂቃ በፊት "ይሄ ሰው ማነው?" ብሎ ይፈልጋል። አንድ ደህና ጽሑፍ ካገኘ ጥያቄውን ከዚያ ይጀምራል፤ እርስዎም በደንብ በሚያውቁት ጉዳይ ላይ ይነጋገራሉ።

ሳያመለክቱ አንባቢ ራሱ ሥራ ይዞ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ጆኤል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ጄፍ አትውድ ደግሞ በ2004 ስለ ሶፍትዌር ሥራ መጦመር ጀምረው ነበር። በ2008 የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ገጽ የሆነውን ስታክ ኦቨርፍሎውን አብረው ሲከፍቱ ገና ከመጀመሪያው ቀን የሁለቱ ጦማሮች አንባቢዎች ከጎናቸው ነበሩ። ነገር ግን በመካከል ያለፉትን ዓመታት ይቁጠሯቸው። በሦስት ወር ውስጥ ደመወዝ የሚያስፈልገው ሰው ተስፋውን እዚህ ላይ መጣል የለበትም።

በሳምንት ስንት ሰዓት ልስጠው?

ሥራ ፈላጊ ከሆኑ ለፍለጋው ከሚያውሉት ሰዓት አንድ አምስተኛው ይበቃል። በሳምንት 20 ሰዓት ካለዎት 4ቱን ለጦማሩ፣ 16ቱን ለማመልከቻ፣ ሰዎችን ለማነጋገርና ለቃለ መጠይቅ ልምምድ ያውሉት። ሥራ ላይ ካሉ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በወር አንድ ጽሑፍ ይሁን። ከ800 እስከ 1200 ቃላት ያሉት ቴክኒካዊ ጽሑፍ፣ ኮዱን መሞከርና ማረም ሲጨመርበት፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይገጥማል።

ብዙ ጦማሮችን የሚገድላቸው "በየሳምንቱ አወጣለሁ" የሚል አዋጅ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሲዘለል ይቆጫል፣ ሁለተኛው ሲዘለል ገጹን መክፈት ራሱ ያስፈራል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። ለማንም ቀጠሮ አይስጡ። ደግሞም ሁለቱ ሰዓታት የት እንደሚውሉ ያስቡበት፤ ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፉ ውለው ማታ አዲስ ሐሳብ አይመጣም፤ ማታ ለማረምና ምስል ለማስተካከል ይሆናል። ረቂቁን ጭንቅላትዎ ባልደከመበት ሰዓት፣ ለምሳሌ በዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ይጻፉት።

ገና ጀማሪ ነኝ። ምን የሚጻፍ ነገር አለኝ?

ነገሩን ትናንት የተማረ ሰው ከአሥር ዓመት ባለሙያ የተሻለ የሚጽፈው ነገር አለ፤ ባለሙያው የት ተደናቅፎ እንደነበር ረስቶታል። "ዶከር ምንድነው?" የሚል ጽሑፍ ሞልቷል (ዶከር መተግበሪያን ኮንቴይነር በተባለ የተከለለ ቦታ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው)፤ አይጨምሩበት። "መተግበሪያዬ ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ ሎካልሆስት ላይ ያለውን ዳታቤዝ ለምን አጣው?" የሚለው ግን ሁልጊዜ የሚፈልገው ሰው አለው። መልሱ አጭር ነው፦ ሎካልሆስት፣ ማለትም "ይሄው ማሽን"፣ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሆን ያው ኮንቴይነሩ ነው፤ ዳታቤዙ በሌላ ኮንቴይነር ካለ በዚያኛው አገልግሎት ስም መጠራት አለበት። ይህችን ብቻ ከነስህተት መልእክቷ የጻፈ ጀማሪ ጥሩ ጽሑፍ ጽፏል።

ርዕስ እንዳይጠፋ አንድ የማስታወሻ ፋይል ይክፈቱ። ከ30 ደቂቃ በላይ የያዘዎት ችግር በተፈታ ቁጥር አራት መስመር ይጻፉ፦ ምን ፈልገው ነበር፣ የስህተት መልእክቱ ቃል በቃል ምን ይላል፣ ምን ሞከሩ፣ የትኛው ሠራ። የስህተት መልእክቱን በራስዎ አባባል አይለውጡት፤ ሰው ጎግል ላይ የሚለጥፈው ያንኑ ቃል ነው። በሁለት ወር ውስጥ ከሚሰበሰቡት ማስታወሻዎች ሁለት ሦስቱ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ማስታወሻ ሆነው ይቅሩ።

በየትኛው መድረክ ልጀምር?

ከመድረኩ በፊት የሚያሳስበው አድራሻው ነው። የራስዎ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ካለዎት መድረኩን በፈለጉ ጊዜ ይቀይራሉ፤ አንባቢውም፣ ሲቪዎ ላይ ያለው ሊንክም አይጠፋም። በሰው መድረክ ንዑስ አድራሻ ላይ ከተቀመጡ መድረኩ የተዘጋ ቀን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ኮድ መንካት የማይፈሩ ሰዎች ጽሑፋቸውን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች ቅርጽ በሚሰጥ አጻጻፍ) ጽፈው ሁጎ ወይም ጄኪል በተባለ መሣሪያ ወደ ተራ ድረ ገጽ ቢቀይሩት ጥሩ ነው። የኮድ ማስቀመጫው የጊትሃብ አገልግሎት የሆነው ጊትሃብ ፔጅስ እንዲህ ያለውን ገጽ በነፃ ያስቀምጣል፤ ገደቡ 1 ጊጋባይት መጠንና በወር 100 ጊጋባይት ያህል ትራፊክ ስለሆነ ለግል ጦማር ተርፎ ይበቃል። ኮድ የማይፈልግ ሰው ወርድፕረስን ይጠቀም፤ ምንም ነውር የለውም። አርኤስኤስ (አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ለተከታታይ አንባቢ የሚያደርስ መንገድ) መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ፤ ቋሚ አንባቢ የሚመለሰው በዚያ ነው።

እዚህ ላይ የሚፈጸሙ ሁለት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው ሦስት ቅዳሜና እሁድ የገጹን ገጽታ ሲያሳምሩ መክረም ነው። ሦስት ጽሑፍ በተራ ፋይል ሳይጽፉ መሣሪያ አይምረጡ። ሁለተኛው ስህተት ዶሜይኑን በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ወይም በዚያው ዶሜይን ላይ ባለ ኢሜይል መመዝገብ ነው። ሥራ የለቀቁ ቀን ወይም ዶሜይኑ ያለፈበት ቀን የእድሳት ማስጠንቀቂያው በማይከፍቱት ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ከሁለቱም ነፃ በሆነ የግል ኢሜይል ይመዝገቡ፣ ራሱን እንዲያድስም ያድርጉት።

አንድ ጽሑፍ ከማስታወሻ እስከ ህትመት እንዴት ይሄዳል?

መጀመሪያ ርዕሱን እንደ ጥያቄ ይጻፉና መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ፤ ይህ የመጀመሪያው አንቀጽ ይሆናል። ብዙ ሰው መልሱን ከታች ይደብቀዋል፤ አንባቢው ግን ሥራ ላይ ሆኖ የመጣ ስለሆነ አይጠብቅም። ቀጥሎ ችግሩን እንደገና የሚፈጥር ትንሹን ምሳሌ ከባዶ ፎልደር ይሥሩ፤ ከ20 እስከ 40 መስመር ኮድ ይበቃል። የተጠቀሙበትን ሶፍትዌር የሥሪት ቁጥር (ቨርዥን) ይጥቀሱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ለምን እንዳልሠራለት የሚገባው በዚያ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአንድ ቀን ይተዉት። በማግሥቱ ከጽሑፉ ላይ እየገለበጡ ትእዛዞቹን በአዲስ ፎልደር ያስኪዱ። አንዱ ያልሠራ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እርስዎ ማሽን ላይ ቀድሞ የተጫነ ነገር ነው። ያን ይጨምሩ፣ ጮክ ብለው አንድ ጊዜ ያንብቡት፣ ያውጡት። ከዚያ በላይ ማሸት አያስፈልግም።

በስሜ ልጻፍ ወይስ በብዕር ስም?

ለሥራ እንዲቆጠርልዎ ከፈለጉ በስምዎ ይጻፉ። ስለ ቀጣሪዎች ጠባይ፣ ስለ ጤናዎ ወይም ስለ ፖለቲካ መጻፍ ከፈለጉ ግን ሁለተኛ ጦማር በብዕር ስም ይክፈቱ፤ ሁለቱን አያገናኙ። ማገናኘት ሲባል ሊንክ ብቻ አይደለም። አንድ ዓይነት የጎብኝ መቁጠሪያ መለያ፣ አንድ የጊትሃብ አካውንት፣ በኮሚት (በተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ታሪክ ውስጥ የቀረ ኢሜይል፣ በፎቶ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ የጂፒኤስ መረጃ ሁሉም ያጋልጣሉ። የብዕር ስም ከአላፊ አግዳሚ ይሸሽጋል እንጂ የሥራ ባልደረባን አያታልልም፤ አጻጻፍዎን ያውቀዋል።

ሲቪዬ ላይ እንዴት ላስገባው?

የጦማሩን ዋና ገጽ ብቻ አይስጡ፤ ሰው ገብቶ ከሠላሳ ጽሑፍ መርጦ አያነብም። ከሥራ መደቡ ጋር የሚገጥሙ ሁለት ጽሑፎችን በርዕሳቸው ይጥቀሱ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ይጨምሩ። "ቴክኒካዊ ጦማር እጽፋለሁ" ከሚለው ይልቅ "ፖስትግሬስ ላይ ኢንዴክስ ኖሮ ለምን ሙሉ ሠንጠረዡ እንደሚቃኝ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ከሚሠራ ምሳሌ ጋር" የሚለው ይሻላል። ለዳታቤዝ ሥራ ስለ ጉዞ የጻፉትን አያስገቡ። የመጨረሻው ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በፊት ከሆነም ሁለቱን ጽሑፎች ብቻ በቀጥታ ያገናኙ፤ የተኛ ጦማር ማሳየት አያስፈልግም።

ከቃለ መጠይቅ በፊት የጠቀሷቸውን ጽሑፎች እንደገና ያንብቡ። ጠያቂው "እዚህ ላይ ይህን መፍትሔ ለምን መረጥክ?" ወይም "ለምን መረጥሽ?" ሲል የራስን ጽሑፍ አለማስታወስ ከምንም በላይ ያሳፍራል። ዛሬ የማይስማሙበት ነገር ካለ እሱን ራሱ ይናገሩት፤ ሐሳቡን በምክንያት የለወጠ ሰው ጥሩ መሐንዲስ ይመስላል፤ ነውም።

የሚያረካኝ ሥራ የትኛው እንደሆነ ጦማሬ ሊነግረኝ ይችላል?

ይችላል፤ ከሁሉም ጥቅሞቹ ትልቁም ይሄ ነው ባይ ነን። ማንም ሳያዝዝዎ የጻፉት ነገር ምን መሥራት እንደሚወዱ ከማንኛውም የዝንባሌ መጠይቅ በተሻለ ያሳያል። አሥር አሥራ ሁለት ጽሑፍ ሲሞላ አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ የትኛው በአንድ ቁጭታ አለቀ? የትኛው ረቂቅ ሆኖ ሞተ? ስለ የትኛው የመጣውን ጥያቄ በደስታ መለሱ? ከዚያ የቴክኖሎጂውን ስም ይተዉና ግሱን ይፈልጉ። "ፓይተን" የሚለው ቃል ብዙ አይነግርዎትም፤ "አጣራሁ"፣ "ገነባሁ"፣ "አፈጠንኩ"፣ "አስረዳሁ" የሚሉት ይነግራሉ።

ጽሑፎቹ ሁሉ ስህተት አድኖ ስለ መያዝ ከሆኑ የሲስተም አስተማማኝነት፣ የዳታቤዝ ወይም የደኅንነት ሥራ ይስማማዎታል። ለሌሎች ፕሮግራመሮች ሥራ የሚያቀሉ ትንንሽ መሣሪያዎችን የሚገነቡ ከሆነ የውስጥ መሣሪያዎች ቡድን ይፈልጉ። ሁልጊዜ የሚያስረዱ ከሆነ ቴክኒካዊ ጸሐፊነት ወይም ከውጭ ፕሮግራመሮች ጋር የሚሠራ ክፍል አለ። ተጠቃሚው የት ላይ ግራ እንደሚጋባ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ ወደ ምርት ዝግጅትና ወደ ዲዛይን ያዘነብላሉ።

ግን ጦማር አንድ ነገር ያጋንናል፦ ጣፋጩ ክፍል ሲያልቅ ያቆማሉ። ስለ አዲስ ዳታቤዝ ሦስት ሰዓት ሞክሮ መጻፍ ሌላ ነው፤ የአሥር ዓመት መረጃ ወደዚያ ዳታቤዝ ለማዛወር ስድስት ወር መድከም ሌላ። ስለዚህ ግሱን ካገኙ በኋላ የዚያን ሥራ አሰልቺ ክፍል ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት። ቴክኒካዊ ጸሐፊነት ይስባል? የአንድ ክፍት ሶፍትዌር መመሪያ ወስደው ያረጁትን ገጾች በሙሉ ያድሱ። ያንንም ከወደዱት ምርጫዎ እውነተኛ ነው።

ሥራው የሚያረካ መሆኑን ከመፈረሜ በፊት እንዴት ልወቅ?

የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረቡት መለኪያ እስካሁን ይሠራል። ሥራን ትርጉም ያለው የሚያደርጉት አምስት ነገሮች ናቸው ይላሉ፦ የተለያየ ክህሎት መጠየቁ፣ ከጅምር እስከ ፍጻሜ የራስ የሆነ ነገር መሥራት፣ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ፋይዳ፣ በራስ የመወሰን ነፃነት፣ እና ውጤቱን ማወቅ። የግል ጦማር በአምስቱም ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ርዕሱን ይመርጣሉ፣ ራስዎ ይጨርሳሉ፣ የሰው ምላሽ ያያሉ። ለዚህ ነው ማንኛውም ሥራ ከጦማር አጠገብ ሲቆም የሚደበዝዘው። ሥራን ከጦማር ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይልቅ አምስቱን በጥያቄ ይለውጧቸው። "በቅርቡ የለቀቃችሁት ለውጥ ከሐሳብ እስከ ተጠቃሚ ስንት ቀን ፈጀ?" የሚለው ስለ ጅምርና ፍጻሜ ይናገራል። "ባለፈው ወር የተሠራውን ማን ወሰነ?" የሚለው ስለ ነፃነት፣ "ይህ ክፍል ቢቆም መጀመሪያ የሚጮኸው ማነው?" የሚለው ስለ ፋይዳ ይነግራል። ሲስተም ሲበላሽ በሌሊት የሚጠራው ተረኛ በወር ስንት ጊዜ ተራ እንደሚደርሰውም ይጠይቁ፤ የጦማርዎን ጊዜ የሚወስነው እሱ ነውና። ጠያቂው በቁጥርና በቅርብ ምሳሌ ከመለሰ ጥሩ ምልክት ነው፤ "እኛ እንደ ቤተሰብ ነን" ካለ ግን መልስ አላገኙም።

ከአምስቱ አንድ ወይም ሁለት የጎደሉትን ጦማርዎ ሊሸፍን ይችላል። ለምሳሌ ሥራው ጠቃሚ ሆኖ ነፃነት ከጎደለው ነፃነቱን ጦማር ላይ ያገኙታል። ሦስቱ ከጎደሉ ጦማር አይበቃም፤ ሌላ ሥራ ይፈልጉ።

ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ መጻፍ አቆምኩ። ምን ላድርግ?

ሰው ሁሉ ጊዜ አጣሁ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የማስረዳት ፍላጎትዎ በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ሰነድና የመልእክት ክፍል እየረካ ነው። የጦማር ጽሑፎችዎን በየቀኑ ለባልደረቦችዎ እየጻፉ ነው ማለት ነው። አንድን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ካስረዱ ርዕስ አገኙ። ቤት ሲገቡ በራስዎ ማሽን ላይ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ኮድ አንድም መስመር ሳይገለብጡ፣ አጠቃላይ ምሳሌ ከባዶ ሠርተው ይጻፉት።

የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ ማረፍ ምክንያታዊ ነው፤ ማስታወሻውን ብቻ አያቋርጡ። ሲመለሱ ደግሞ "ለረጅም ጊዜ ስለጠፋሁ ይቅርታ" የሚል ጽሑፍ አያውጡ፤ የሚጠይቅዎት የለም፣ ጽሑፉም ቶሎ ያረጃል። በቀጥታ አዲሱን ያውጡ።

ስለ መሥሪያ ቤቴ መጻፍ እችላለሁ? የማይነካው ምንድነው?

አሜሪካዊቷ ጦማሪ ሄዘር አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ባልደረቦቿ በጦማሯ በመጻፏ ከሥራ ተባረረች። ከጦማሯ ስም "ዱስ" የሚል የእንግሊዝኛ ግስ ወጥቶ በጦማር ምክንያት ከሥራ መባረር ማለት ሆነ። ስለ ሰው ጠባይ፣ ስለ ደንበኛ ስም፣ ገና ስላልወጣ ምርት፣ ስለ ገቢና ስለ ተጠቃሚ ቁጥር አይጻፉ። ድርጅቱ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ከሆነ ቁጥር ማውጣት ከመባረርም ያለፈ ጣጣ አለው። ያገኙትን የደኅንነት ክፍተትም ባለቤቱ ሳያስተካክለው አያውጡ፤ በዘርፉ የተለመደው ቀነ ገደብ 90 ቀን ነው።

ሰው ልብ የማይለው ግን ስክሪንሾት ነው። ከኮዱ ጎን የውስጥ ሰርቨር ስም፣ ከላይ የሌላ ገጽ ርዕስ፣ ከታች የተጠቃሚ ስም ይታያል። ምስሉን ቆርጠው ከማውጣት ይልቅ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ይለጥፉ። ማደብዘዝን አይመኑት፤ በጥቁር መሸፈን ይሻላል። የይለፍ ቃል ወይም የኤፒአይ ቁልፍ (ፕሮግራም ወደ ሌላ አገልግሎት የሚገባበት ምስጢር) ወደ ሪፖዚተሪ (ኮዱ ከነለውጥ ታሪኩ ወደሚቀመጥበት ቦታ) ከገባ መሰረዝ አይበቃም፤ በታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ ቁልፉን ያሽሩና አዲስ ያውጡ፣ ከዚያ ታሪኩን ያጽዱ። ብዙ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ታሪክ ሲያጸዳ ቁልፉ ይሰረቃል።

የቅጥር ውሌ "የምትሠራው ሁሉ የድርጅቱ ነው" ይላል። ጦማሬስ?

በውሉ ውስጥ ሦስት አንቀጾች ይፈልጉ፦ የአእምሮ ንብረት ማስተላለፍ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ እና ከሥራ ውጭ የሚሠራ ሥራ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ የካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ክፍል 2870 ሠራተኛው በራሱ ጊዜና በራሱ መሣሪያ የፈጠረውን ቀጣሪው እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ከድርጅቱ የሥራ መስክ ጋር የሚያያዝ ፈጠራ ሲሆን ግን ጥበቃው አይሠራም። በጣም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጽፉት ስለሚሠሩት ነውና። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ደግሞ የሚገዛዎት የፈረሙት ወረቀት ነው።

መፍትሔው ከመፈረም በፊት ነው ያለው። እስካሁን የጻፉትንና የሠሩትን ከነአድራሻውና ከነቀኑ ዘርዝረው የውሉ አባሪ እንዲሆን ይጠይቁ። ቀጥሎ በጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ፦ "በግል ጊዜዬና በግል ኮምፒውተሬ ስለ ሶፍትዌር ጽሑፍ አወጣለሁ፤ የድርጅቱን ኮድ፣ መረጃና ስም አልጠቀምም። ይህ ከውሌ ጋር እንደማይጋጭ ያረጋግጡልኝ።" መልሱን የግል ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ የፈቀደው አለቃ ከለቀቀ በቃል የተባለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ጦማሩ ላይ ያለው ኮድ በኤምአይቲ፣ ጽሑፉ ደግሞ በክሬቲቭ ኮመንስ 4.0 ፈቃድ (ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት በሚፈቅዱ የታወቁ ፈቃዶች) መሆኑን ከገጹ ግርጌ ይጻፉ፤ ራስዎም ሆኑ ባልደረባዎ ያንን ኮድ በሥራ ላይ ሲጠቀሙበት የመጠቀም ፈቃድ ጥያቄ አይነሳም።

ከጦማሩ ገንዘብ ባገኝበትስ?

ማስታወቂያ ለትንሽ ጦማር የሚያስገባው ከዶሜይኑ ክፍያ ብዙ አይዘልም፤ ገጹን ግን ያዘገየዋል፣ የውሉን "ሌላ ሥራ" አንቀጽም ሊነካ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባደረጉት ሙከራ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሳሉ በኋላ፣ በነፃ ጊዜያቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ታይቷል። ጦማሩ ምን እንደሚወዱ የሚያሳይ መስታወት ከሆነ፣ ገንዘብ ሲገባበት መስታወቱ ይጣመማል፤ የሚወዱትን ትተው ብዙ ጎብኚ የሚያመጣውን መጻፍ ይጀምራሉ። ገንዘብ ከፈለጉ ጦማሩን ንጹሕ ትተው በእሱ በኩል የሚመጣውን የማማከር ሥራ በተለየ ውል ይያዙ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጽፍልኝስ?

ሰዋስው ቢያርምልዎት፣ "እዚህ ጋ አንባቢው የማይገባው ምንድነው?" ብለው ቢጠይቁት ጥሩ ነው። ረቂቁን ግን አያስጽፉት። ጠያቂው በጽሑፉ ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ ሲያነሳ ያልጻፉት ነገር ወዲያው ይለያል። ከዚህም ሌላ የትኛው ጽሑፍ በአንድ ቁጭታ እንዳለቀ፣ የትኛው እንደሞተ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ትርጉም ያጣል፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ አልቋልና። የመሥሪያ ቤት ኮድ ወይም የስህተት መዝገብ በግል አካውንት ለእንዲህ ያለ መሣሪያ መስጠት ደግሞ ለብዙ ድርጅቶች ምስጢር ከማውጣት አይለይም።

የድሮ ጽሑፎቼ ያሳፍሩኛል። ላጥፋቸው?

አብዛኞቹን ይተዉአቸው። ቀኑ በግልጽ ከታየ የአምስት ዓመት ጽሑፍ የአምስት ዓመት ሆኖ ይነበባል። ያረጀ መረጃ ካለበት ከላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይጨምሩ፣ አዲስ የጻፉት ካለም ወደዚያ ያገናኙ። አደገኛ ምክር የያዘ፣ ለምሳሌ የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር ማስቀመጥን የሚያስተምር፣ ወይም ሰውን የሚጎዳ ከሆነ ግን ያንሱት። አድራሻ ሲቀየር 301 የተባለውን ቋሚ ማዛወሪያ ያድርጉ፤ የጎግል ውጤትም ሆነ የሰው ሊንክ ተከትሎ ይመጣል።

ማንሳት መደምሰስ እንዳልሆነ ግን ይወቁ። ዌይባክ ማሺን የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የግልዎ ጦማርም ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ።

ከሥራዬ ይልቅ ጦማሬን ወደድኩት። ሥራዬን ልተው?

መጀመሪያ የወደዱት መጻፉን ነው ወይስ ከሥራው ማምለጡን? ለመለየት የሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስደው በየቀኑ አራት ሰዓት ይጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽም ጠረጴዛው የሚስብዎ ከሆነ መጻፉን ነው የወደዱት። በሦስተኛው ቀን ቤት ማጽዳት ካማረዎት ግን ደክሞዎት ነበር፤ ዕረፍት ወይም ሌላ አለቃ ያስፈልግዎታል።

መጻፉ ከሆነ ከመልቀቅ በፊት ያለውን ሥራ ማጠፍ ይቻላል። የቡድኑን ሰነድ፣ የአዲስ ሠራተኞችን ሥልጠና ወይም ከብልሽት በኋላ የሚጻፈውን ዘገባ በኃላፊነት ይጠይቁ፤ ማንም የማይፈልገው ሥራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በደስታ ይሰጥዎታል። ለሦስት ወር ከሥራ ሰዓትዎ 20 በመቶው ይሁን ብለው በጽሑፍ ይስማሙ። ካልተፈቀደ እዚያው ደመወዝዎን እየተቀበሉ የቴክኒካዊ ጸሐፊነት መደቦችን ይፈልጉ፤ ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ ሳይቀመጥ ወደ ሙሉ ጊዜ ጦማሪነት አይዝለሉ።

ጦማሩን በሰላም መዝጋት ብፈልግስ?

በወርድፕረስ ወይም በሌላ ዳታቤዝ በሚፈልግ መድረክ ላይ ከሆነ ገጹን ወደ ተራ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይለውጡት፤ የማይታደስ ሶፍትዌር ውሎ አድሮ ይጠለፋል። አስተያየት መስጫውን፣ የመልእክት ቅጹንና የጎብኝ መቁጠሪያውን ያውጡ። ዶሜይኑን ለረጅም ዓመት ያድሱት፤ ዶት ኮምን የመሰሉት እስከ 10 ዓመት በአንድ ጊዜ ይታደሳሉ። ዶሜይኑን እንዲሁ ከለቀቁት ሌላ ሰው ገዝቶ በስምዎ ቁማር ሊያስተዋውቅበት ይችላል፤ ሲቪዎ ላይ ያለው ሊንክም ወደዚያ ያደርሳል። በመጨረሻ የፋይሎቹን አንድ ቅጂ በራስዎ ማስቀመጫ፣ አንድ ደግሞ በሌላ ቦታ ይያዙ፣ ከዋናው ገጽ አናት ላይም አዲስ ጽሑፍ እንደማይወጣ በአንድ መስመር ይጻፉ።